ዘር ከጓሮ፦ ለአካባቢ የሚስማማ የአትክልት ዘር እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይቀመጣል?

በብዙ ጓሮ ዘር የሚታሰበው ምርቱ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ነው። ሰፋፊ ቅጠል ያወጡት ጎመኖች እየተመረጡ ሲቀጠፉ ይሰነብቱና፣ ማንም ያልፈለጋት አንዲት ቀጭን ተክል ከመደቡ ጥግ ቀድማ አብባ ዘር ትይዛለች፤ ለሚቀጥለው ክረምት የሚቀመጠውም የእሷ ዘር ይሆናል። ይህ ለጥቂት ዓመታት ከተደጋገመ ባለቤቱ ሳያውቀው ቅጠሉ ያነሰና ቶሎ የሚያብብ ጎመን ሲመርጥ ኖሯል ማለት ነው። ከዚያም «ዘሩ አረጀ» ይባልና ከሱቅ አዲስ ፓኬት ይገዛል። ስለዚህ ከማድረቁና ከማከማቸቱ ዘዴ ሁሉ በፊት መያዝ ያለበት ነገር አንድ ነው፦ ዘር የሚመረጠው ተክሉ በመደቡ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ወጥ ቤት ድርሻውን ከመውሰዱ በፊት ነው።

በእርሻ ግብዓት ሱቆች የሚሸጡት የአትክልት ዘሮች አብዛኞቹ ከውጭ የሚገቡ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹም የተመረጡት ለሌላ አየርና ለሌላ አፈር ነው። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ከቀይ ሽንኩርት በላይ የሚያሳይ የለም። ሽንኩርት ራስ የሚቋጥርበትን ጊዜ በዋናነት የሚወስነው የቀኑ ርዝመት ነው፤ ለሰሜን አውሮፓ የተመረጡት ዝርያዎች ራስ ለመቋጠር ረጅሙን የበጋ ቀን ስለሚጠብቁ፣ የቀኑ ብርሃን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም በማይርቅበት በእኛ አገር ቅጠል ብቻ ሲያበዙ ይከርማሉ። እንደ አዳማ ሬድና ቦምቤ ሬድ ያሉት ግን በአጭር ቀን የሚቋጥሩ ናቸው። በተቃራኒው ከአገር ቤት ወደ ስቶክሆልም የተላከ የሽንኩርት ዘር እዚያ በጸደይ ቢዘራ፣ ቅጠሉ ሳይጠነክር ረጅሙ ቀን ስለሚደርስበት ራሱ ትንሽ ሆኖ ይቀራል።

የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ፣ የሐምሌ በረዶ፣ ውኃ የሚይዝ ጥቁር አፈር፣ ከዝናቡ ጋር የሚመጣ የቅጠል በሽታ፣ እነዚህ ሁሉ በየጓሮው በየራሳቸው መጠን አሉ። ከራስ ጓሮ የተወሰደ ዘር እነዚህን ያለፉ ተክሎች ልጅ ነው። ይሁን እንጂ ተስፋው ከልክ እንዳያልፍ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። እንደ ቲማቲም፣ ሰላጣና ቦሎቄ ያሉት ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳቅሉ፣ ከሱቅ የተገዛ አንድ ወጥ ዝርያቸው በውስጡ ብዙ ልዩነት የለውም፤ ልዩነት ከሌለ ደግሞ የሚመረጥ ነገር የለም። በእነዚህ ለውጥ የሚፈልግ ሰው ሁለት ሦስት ዝርያዎችን ጎን ለጎን ዘርቶ በጓሮው የተሻለውን ቢያስቀር ይሻለዋል። ጎመን፣ ቃሪያና ዱባ ግን፣ በተለይ ከገበሬ እጅ የተገኙ ከሆኑ፣ በመካከላቸው ብዙ ዓይነት ስላለ የምርጫው ውጤት በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓይን ይታያል።

በየትኛው ዘር መጀመር ይሻላል?

ፓኬቱ ላይ «ኤፍ 1» ወይም «ሃይብሪድ» የሚል ጽሑፍ ካለ ዘሩ ሁለት የተለያዩ ወላጆችን በማዳቀል የተገኘ ነው። የሃይብሪድ ዘር መልሶ ቢዘራ አይበቅልም የሚባለው ስህተት ነው፤ ይበቅላል፣ ነገር ግን ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም። አንዱ ተክል ክብ ቲማቲም፣ ሌላው ሞላላ፣ ሦስተኛው ጭራሽ ፍሬ የማይበረክትለት ሊሆን ይችላል። ብዙ ዓመት ለመምረጥ ትዕግሥት ላለው ሰው ይህም መነሻ ነው፤ ለጀማሪ ግን አይመከርም። ለጀማሪ የሚስማሙት ሃይብሪድ ያልሆኑት ናቸው፤ ከቲማቲም ሮማ ቪኤፍ፣ ወይም ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው መልካ ሾላ፣ ከበርበሬ ደግሞ ማረቆ ፋና በቀላሉ ይገኛሉ። ከሁሉ የሚሻለው መነሻ ግን በዚያው ሰፈር ለዓመታት ጎመንና ዱባ ሲያለሙ የኖሩ እናቶች ዘንድ ያለው ዘር ነው። ፓኬቱ ባይኖረውም፣ የት እንደበቀለና ምን እንደቻለ የሚናገር ሰው አለው።

ቀጥሎ ማወቅ የሚያስፈልገው የአትክልቱን የመዳቀል ጠባይ ነው። ቲማቲም፣ ሰላጣ፣ ቦሎቄና አተር አበባቸው ሳይከፈት ወይም እየተከፈተ ሳለ ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳቅሉ፣ ሁለት ዝርያ በጥቂት ሜትር ርቀት ቢተከል ብዙ አያሰጋም፤ ዘር ለማስቀረትም አምስት ስድስት ጤናማ ተክል ይበቃል። ባቄላን ግን ከእነዚህ ጋር አይቁጠሩት፤ ንብ ትወደዋለች። ዱባ፣ ሽንኩርትና ካሮት በነፍሳት፣ ቀይ ሥርና ቆስጣ በነፋስ ይዳቀላሉ። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ርቀት በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር፣ ለቀይ ሥርና ለቆስጣ ደግሞ ከኪሎ ሜትር የሚያልፍ ስለሆነ፣ በከተማ ጓሮ ርቀትን ተማምኖ ዘር ማስቀረት አይቻልም። ከዱባ በስተቀር ሌሎቹ ከጥቂት ተክል ብቻ ዘራቸው ሲወሰድ በየትውልዱ እየደከሙ ይሄዳሉ።

የሐበሻ ጎመን

የሐበሻ ጎመን መነሻው የኢትዮጵያ ደጋ በመሆኑ፣ ዘር ማስቀረትን ለመማር ከእሱ የተሻለ አትክልት የለም። ራሱን በራሱ ማዳቀል ይችላል፤ ንብም ከአንዱ ወደ ሌላው ታመላልሰዋለች። ከጥቅል ጎመን ጋር በቀላሉ ስለማይዳቀል ሁለቱን በአንድ ጓሮ መትከል አይከለከልም።

ሰኔ ላይ የተዘራው ጎመን ቅጠሉ መቀጠፍ ሲጀምር በመደቡ መካከል ቀስ ብለው ይመላለሱና ተክሎቹን አንድ በአንድ ይዩ። ቅጠሉ ሰፊና ለጋ የሆነውን፣ በረዶ ከመታው በኋላ ቶሎ ያገገመውን፣ ጎረቤቶቹ ክሽክሽ በተባለው ጥቃቅን ተባይ ሲሸፈኑ እሱ ብዙም ያልተነካውን ይፈልጉና ግንዱ ላይ ቀይ ክር ይሰሩለት። ቢቻል 20 ተክል፣ ቦታ ከሌለ ቢያንስ አሥር ያህል ምልክት ይደረግባቸው። ክር ከታሰረበት ተክል የታችኞቹን ጥቂት ቅጠሎች አንድ ጊዜ መቅጠፍ አይጎዳውም፤ ከዚያ በኋላ ግን ለዘሩ ይተውለት። ይህን ለቤተሰቡ ሁሉ መንገር ያስፈልጋል፤ ክር ማለት «አትንኩ» ማለት መሆኑን ያልሰማ ሰው ለምሳ ሲቸኩል የመጀመሪያው የሚቀጥፈው ያንኑ ያማረውን ነው።

ከሌሎቹ ቀድመው አገዳ የሚያወጡት ተክሎች ለብቻ ሊታሰቡ ይገባል። እነዚህ ከቅጠል ይልቅ ወደ አበባ የሚቸኩሉ በመሆናቸው ዘራቸውን አለመውሰድ ብቻውን አይበቃም፤ አበባቸው ከተከፈተ ንቧ የወንዴውን ብናኝ ለተመረጡት ታደርሰዋለች፣ ያ ጠባይም ከዘሩ ጋር ይገባል። ስለዚህ እምቡጡ ሳይከፈት ይነቀሉ። ለጋው አገዳ ከነእምቡጡ ተቀቅሎ ይበላልና የሚባክን ነገር የለም። በመጨረሻ የሚያብቡት ለዘር ይቅሩ።

የቀሩት ተክሎች ከሰው ቁመት ሊበልጡ ስለሚችሉ እንዳይወድቁ እንጨት ተተክሎላቸው ይታሰሩ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ክሽክሽ የአበባውን ጫፍ ይወራል፤ ጠዋት ጠዋት በውኃ ማጠብ፣ ከበረታም ለስላሳ ሳሙና በተቀላቀለበት ውኃ መርጨት ይረዳል። ዘሩን የያዙት ቀጫጭን ቆባዎች ከታች ወደ ላይ ይደርሳሉ። ከታች ያሉት ቡናማ ሆነው፣ መካከለኞቹ ቢጫ መስለው፣ አንዱ ቆባ ሲፈለቀቅ ዘሩ አረንጓዴነቱን ሲያጣ ጊዜው ደርሷል። ሁሉም እስኪደርቅ መጠበቅ ስህተት ነው፤ የደረቀ ቆባ ሲነካ ይፈነዳል፣ ወፍም ቀድሞ ይደርሳል። ጤዛው ሳይደርቅ በማለዳ ይታጨድ፣ ምክንያቱም እርጥበት የነካው ቆባ አይፈነዳም። ከዚያ በጥላ ሥር አንሶላ ተነጥፎ እላዩ ላይ ቁልቁል ይሰቀል። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ በአንሶላው ውስጥ ተጠቅልሎ በዱላ ይወቃና በሰፌድ ይንገዋለል፤ ገለባው ወደ ጫፍ ሲሸሽ ከባዱ ዘር ከመሀል ይቀራል። ከአንድ ጥሩ ተክል የሚገኘው ዘር ለአንድ ቤተሰብ መደብ ይተርፋል።

አንዳንድ ሰው ለምጣድ ማሰሻ ከገበያ ከተገዛው ጎመን ዘር ቆንጥሮ ይዘራል። ይበቅላል፤ ነገር ግን ያ ዘር ለዘይት ከሚለማ ማሳ የመጣ ሊሆን ስለሚችል ቅጠሉ አነስተኛ፣ አበባውም ፈጣን ቢሆን አይግረምዎ።

ቲማቲም

በቲማቲም የሚመረጠው ተክሉ ነው። ቅርጫት ውስጥ ካለው ትልቁን ፍሬ አንስቶ ዘሩን ማውጣት ከየትኛው ተክል እንደመጣ ስለማይነግር ብዙ አይጠቅምም፤ አንድ ትልቅ ፍሬ ብቻ ያፈራ በሽተኛ ተክል ሊሆን ይችላል። በደጋና በወይና ደጋ የክረምቱ ዝናብ ቅጠሉንና ግንዱን የሚያጠቁር በሽታ ስለሚያመጣ፣ ለዘር የሚሆነው ችግኝ ዝናቡ ሲያበቃ ተተክሎ በመስኖ ቢለማ ፍሬው በበጋው ደረቅ አየር ይደርሳል። በሌላ በኩል በክረምቱ መካከል ሌሎች ሲረግፉ የቆመ ተክል ከተገኘ እሱ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ከእሱ ጤናማ ፍሬ ከተገኘ ዘሩ ለብቻው ይቀመጥ።

ፍሬው ለመብላት ከሚፈለገው በላይ እስኪበስልና እስኪለሰልስ ተክሉ ላይ ይቆይ። ከዚያ በወገቡ አግድም ተቆርጦ ዘሩ ከነጭማቂው በብርጭቆ ውስጥ ይጨመቅ፤ ብርጭቆው በስስ ጨርቅ ይሸፈንና ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይቀመጥ፣ በቀዝቃዛ ደጋ አራት ቀን ሊወስድ ይችላል። በየቀኑ አንድ ጊዜ ይማሰል። ሽታው ደስ አይልም፤ ከላይ ነጭ ሽፋን ቢይዝ ግን ሥራው እየሄደ መሆኑን ያሳያል። በዚህ መፍላት ዘሩን የሸፈነውና እንዳይበቅል የሚከለክለው ዝልግልግ ነገር ይሟሟል፤ በዘር ከሚተላለፉት የባክቴሪያ በሽታዎች አንዳንዶቹም ይቀንሳሉ። ከሚገባው በላይ ከቆየ ዘሩ እዚያው ማቆጥቆጥ ስለሚጀምር ጊዜውን ማሳለፍ አይገባም። ቀጥሎ ውኃ ይጨመርበትና ይበጥበጥ፤ ፍሬ አልባውና ገለባው ሲንሳፈፍ ይደፋል፣ ደህናው ዘር ከሥር ይዘቅጣል። ውኃው እስኪጠራ ደጋግሞ ከታጠበ በኋላ በወንፊት ተጠልሎ በሳህን ላይ በስሱ ይሰጣ። ሶፍት ላይ ማስጣት የተለመደ ቢሆንም ዘሩ ከወረቀቱ ጋር ስለሚጣበቅ ኋላ ያስቸግራል። በመጀመሪያው ቀን በጣት እያፍተለተሉ ካልበተኑት ተያይዞ ይደርቃል።

በባክቴሪያ በሽታ የሚጠረጠር ዘር በሙቅ ውኃ ሊታከም ይችላል፦ ለቲማቲም በ50 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ25 ደቂቃ። ይህ ቴርሞሜትር የሌለው ሰው የሚሞክረው አይደለም፤ ጥቂት ዲግሪ ከበለጠ ዘሩ ይሞታል፣ ካነሰ ደግሞ በሽታው ይተርፋል። ያረጀና የደከመ ዘርም ይህን አይችልም።

ቃሪያና በርበሬ

ቃሪያ ራሱን በራሱ ማዳቀል ቢችልም ንብ ስትበዛ ከጎረቤት ዝርያ ጋር በቀላሉ ይቀላቀላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውጤቱ መቼ እንደሚታይ ነው። ፈረንጅ ቃሪያ ከሚያቃጥል ሚጥሚጣ አጠገብ ቢተከል ዘንድሮ የሚበላው ፍሬ ጣዕሙ አይለወጥም፤ የተለወጠው በውስጡ ያለው ዘር ነው፣ ማቃጠሉም የሚታወቀው ያ ዘር በተዘራበት ዓመት ነው። ስለዚህ ወይ በጓሮው አንድ ዓይነት ብቻ መትከል፣ ወይ ለዘር የተመረጡትን ሁለት ሦስት ተክሎች አበባቸው ሳይከፈት በአሮጌ አጎበር መሸፈን ያስፈልጋል። በተሸፈኑበት ጊዜ ቀን ቀን ግንዱን ቀለል አድርጎ መነቅነቅ የአበባውን ብናኝ ያራግፋል። ፍሬ መያዙ ሲረጋገጥ አጎበሩ ይነሳ፤ በሽፋኑ ሥር የተያዙት ፍሬዎች ግን አገዳቸው ላይ ክር ይታሰርባቸው፣ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ለወጥ ናቸውና።

አረንጓዴ ቃሪያ ውስጥ ያለው ዘር አልጠነከረም። ዛላው ሙሉ በሙሉ ቀልቶ፣ ጥቂት መጨማደድ እስኪጀምር ተክሉ ላይ ይቆይ፤ ከዚያ በጥላ ሥር ይድረቅና ዘሩ ይውጣ። ለበርበሬ በፀሐይ ሲሰጣ ከከረመው ዛላ ዘር መውሰድ ይቻላል፣ በቆርቆሮ ላይ የተሰጣ ከሆነ ግን አይታመኑት፤ በቀትር ፀሐይ የቆርቆሮው ግለት ዘሩን ሊገድለው ይችላል። ዘሩን ሲያወጡ ጓንት ማጥለቅ ወይም እጅ ላይ ፌስታል ማሰር ሁለት ቀን ዓይን ከማሸት ያድናል።

ዱባ

ዱባ ለርቀት እንጂ ለእጅ ማዳቀል አያስቸግርም፤ አበባው ትልቅ ስለሆነ ልጆችም ሊሠሩት ይችላሉ። ሴቴዋ አበባ ከሥሯ ትንሽ ዱባ የመሰለች እብጠት ስላላት ትለያለች፤ ወንዴው በቀጭን አገዳ ላይ ይቆማል። በማግሥቱ የሚከፈቱ እምቡጦች ጫፋቸው ቢጫ ይሆናል። ከምሽቱ በፊት አንድ ሴቴና ሁለት ወንዴ፣ ቢቻል ከተለያዩ ተክሎች፣ ጫፋቸው በክር ይታሰር። ማለዳ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ወንዴው ተቀጥፎ ቢጫዎቹ የአበባ ቅጠሎች ይገፈፉና ብናኙ የሴቴዋን መሀል እንዲነካ ቀስ ተደርጎ ይቀባ፤ ወዲያው አበባዋ መልሳ ትታሰር፣ የፍሬዋ አገዳም ላይ ምልክት ይደረግ። ፍሬው ልጣጩ በጥፍር የማይገባ እስኪሆን ደርሶ ከተቆረጠ በኋላም ቢያንስ ለአንድ ወር በቤት ይቀመጥ፤ ዘሩ በዚያ ጊዜ ውስጥ መሙላቱን ይቀጥላል።

ቅል ሌላ ወገን ስለሆነ ከዱባ ጋር አይዳቀልም። ዙኪኒና ለጌጥ የሚተከሉት ትናንሽ ዱባዎች ግን እርስ በርስ ይዳቀላሉ፤ ከዚህ የሚመጣው ልጅ መራራና መርዛማ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በጀርመን አንድ አዛውንት በጓሮ የበቀለ መራራ ዙኪኒ በልተው ሕይወታቸው አልፏል። ከራስ ዘር የበቀለ ዱባ ወይም ዙኪኒ ሲቀመስ ከመረረ ይተፋ፣ ዘሩም አብሮ ይጣል፤ ምግብ ማብሰል መርዙን አያጠፋውም።

ሌሎቹ በአጭሩ

ሰላጣ ዘግይቶ ካበበው ተክል ይወሰዳል፤ የነጭ ጥጥ ምልክት ሲያሳይ በየሁለት ሦስት ቀኑ ወደ ከረጢት እየተራገፈ ይሰበሰባል። ቦሎቄና አተር ተክሉ ላይ ደርቀው ቢለቀሙ ይመረጣል፤ ዝናብ ከቀደመ ግን ተክሉ ከነሥሩ ተነቅሎ ከጣራ ሥር ይሰቀል፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ፍሬም ለዘር አይግባ። ነጭ ሽንኩርት ዘር ስለማይሰጥ የሚተከለው ክንፉ ነው፤ እዚህም ትልልቁ ራስ ለወጥ፣ ጭራሮው ለተከላ የሚውልበት ልማድ ሊቀየር ይገባል፣ ምክንያቱም ከትልቅ ክንፍ ትልቅ ራስ ይገኛል።

ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመንና ቀይ ሽንኩርት ለማበብ ብርድ ይፈልጋሉ፤ በቆላ ጨርሶ ላያብቡ ይችላሉ፣ በደጋም ከተዘሩ አንስቶ ዘር እስኪሰጡ ረጅም ጊዜ መደቡን ይይዛሉ። ቆስጣና ቀይ ሥር ደግሞ በቅርጽ ቢለያዩም አንድ ወገን በመሆናቸው አብረው ካበቡ ልጆቻቸው ከሁለቱም የማይሆኑ ናቸው። በበኩሌ በትንሽ ጓሮ የእነዚህን ዘር ገዝቶ ጉልበቱን ለጎመንና ለቃሪያ ማዋል ብልህነት ይመስለኛል።

ማድረቅና ማስቀመጥ

ዘርን የሚገድሉት እርጥበትና ሙቀት ናቸው፣ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ይፈጥናሉ። የዘር ባለሙያዎች በሚጠቀሙበት ግምት፣ በዘሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በአንድ በመቶ በቀነሰ ቁጥር፣ እንዲሁም የማከማቻው ሙቀት በ5 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር፣ የዘሩ ዕድሜ እጥፍ ይሆናል። ለእኛ አገር ይህ ግልጽ የጊዜ ሰሌዳ ይሰጣል፦ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ አየር ዘሩን በሚገባ ማድረቅ፣ ከዚያም የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ አየር በማያስገባ ዕቃ መክደን። በጥር ደረቅ የነበረ ዘር በወረቀት ፖስታ ብቻ ከተተወ ሐምሌ ላይ የአየሩን እርጥበት መልሶ ይጠጣል።

የሚደርቀው በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ፣ በሰፌድ ወይም በሳህን ላይ በስሱ ተዘርግቶ ነው፤ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ እንዳያልፍ። መድረቁን ለማወቅ ትላልቅ ዘሮች በመዶሻ ሲመቱ መሰባበር ይገባቸዋል፤ ተጠፍጥፈው ከቀሩ ገና ናቸው። የቃሪያ ዘር ሲታጠፍ ጥርት ብሎ ይሰበራል። ለቦሎቄና ለበቆሎ የጨው ፈተናም አለ፦ ደረቅ ጨውና ዘሩ በደረቅ ጠርሙስ አብረው ይናጣሉ፤ ጥቂት ቆይቶ ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ዘሩ ለመክደን አልደረሰም።

ክዳኑ ጎማ ያለው የመስታወት ጠርሙስ ጥሩ ማከማቻ ነው። ትኩስ ተቆልቶ የቀዘቀዘ ሩዝ በጨርቅ ተቋጥሮ ከሥሩ ቢቀመጥ የቀረውን እርጥበት ይስባል፤ ከአሥር ቀን በኋላ ሩዙ ይወጣና ጠርሙሱ እንደገና ይከደን። ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ጠርሙሱ ከወጣ በኋላ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ሳይከፈት ይቆይ፤ ካልሆነ የአየሩ ጤዛ ዘሩ ላይ ያርፋል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት የቆየውን ልማድ መናቅ የለበትም፦ በቅል ውስጥ ከአመድ ጋር ተቀላቅሎ፣ ጭስ በሚደርስበት ግን እሳቱ በማይልበልበው ርቀት የተሰቀለ ዘር ከነቀዝ ይጠበቃል። ለቦሎቄ በ1 ኪሎ 5 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት ለውሶ ማስቀመጥም የነቀዙን ዕንቁላል ያጠፋል።

በጥሩ ሁኔታ ከተቀመጠ የሽንኩርት ዘር ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት፣ ካሮትና ቃሪያ ሦስት ዓመት ገደማ፣ ጎመንና ቲማቲም አራት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያሉ። ይህን ለመከታተል ጠርሙሱ ላይ የአትክልቱ ስም፣ የተገኘበት ቦታ፣ ስንት ተክል እንደተመረጠና ዓመቱ ይጻፍ፤ ዓመተ ምሕረቱ የእኛ ይሁን የፈረንጅ መገለጽ አለበት። ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ የሱቁ ፓኬት በአንዱ፣ የቤቱ ጠርሙስ በሌላው አቆጣጠር ሲጻፍ የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠርና ደህናው ዘር ይጣላል።

ከመዝራት በፊት፣ በግንቦት ወር፣ ሃያ ፍሬ ዘር ይቆጠርና በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሞቅ ባለ ቦታ ይቀመጥ። ለጎመን አንድ ሳምንት፣ ለቲማቲምና ለቃሪያ እስከ ሁለት ሳምንት ይጠብቁ። ከ20ው 16ና ከዚያ በላይ ከበቀለ እንደተለመደው ይዘራል፤ 12 አካባቢ ከሆነ ይጠጋጋ፤ ከ10 ካነሰ በዚያው ዓመት ሁሉም ተዘርቶ ዘሩ ይታደስ።

በጥሩ ጤንነት ላይ ያለ ዘር ግን በአንድ ክረምት ተሟጥጦ አይዘራም፤ በረዶ መደቡን ቢያጠፋው መመለሻ እንዲኖር ግማሹ ይቀመጣል። ከዚያም ጥቂቱ ወደ ሌላ ቤት ይሂድ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ብዙ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን ለመብላት ተገዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውን የአገሪቱን የዘረ መል ባንክ ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ዘሩ በባንኩ ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅና በማኅበረሰብ የዘር ባንኮች ጭምር እንዲጠበቅ የሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። በሰፈር ደረጃ ይህ ማለት ሦስት ጎረቤቶች የየራሳቸውን ጎመን መርጠው ዘሩን ጥር ላይ ቢከፋፈሉ፣ ከአሥር አሥር ተክል የሠላሳ ተክል ዘር በየቤታቸው ይኖራቸዋል ማለት ነው። ወደ ውጭ አገር ለሚኖር ዘመድ መላክ ከተፈለገ ግን የተቀባዩን አገር የኳራንቲን ሕግ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ አሜሪካ ለመትከያ የሚሆን ዘር ያለ ዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ወይም ያለ ፈቃድ በሻንጣ እንዲገባ አትፈቅድም።